አሮጌዋ ማጫወቻና አዲሱ ኮምፒውተር

 

ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። ዕቃዋ የክብሪት ቀፎ ታህላለች። ሥራዋ ዘፈን ማሰማት ነው። ድምፅም ትቀርጻለች። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ለአንድ ቤተ ሰብ ግን ትንሽ አልነበረም። እኛም ከዚች ዕቃ ብዙ ተማርን። የተማርነውን ከነስሕተታችን እንነግራችኋለን።

እኛ ሁለት ነን። ሁለታችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ዩኒቨርሲቲው ለክረምት ሲዘጋ ወደ አንዲት የወይና ደጋ መንደር መጥተን ንባብና ጽሕፈት እናስተምራለን። ትምህርቱ የሚሰጠው ማታ ማታ ነው። ከብቱ ገብቶ፣ ላሚቱ ታልባ፣ እራት ተበልቶ ሰው ይሰበሰባል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አንድ አምፑል አለችን። ደመና የዋለ ዕለት ቶሎ ትደክማለች።

ከተማሪዎቻችን መካከል አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል። እኛ «እማማ» እንላቸዋለን። ፊደል ሲቆጥሩ ጣታቸውን ከመስመሩ አያነሡም። አንድ ቃል ሳይገባቸው ወደሚቀጥለው አያልፉም። ይህን ልማዳቸውን አስታውሱልን። ኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ማታ ትምህርቱ አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ እማማ ቀሩ። ከመቀነታቸው ውስጥ የተቋጠረ ጨርቅ አወጡ። ቋጠሮውን ፈቱ። ውስጡ ሌላ ጨርቅ ነበረ። እሱንም ፈቱ። ማጫወቻዋ ብቅ አለች።

«ልጆቼ፣ እስኪ ይቺን ነገር አናግሩልኝ» አሉን።

«ምንድን ናት እማማ?»

«ልጄ ከዐረብ አገር ያመጣት ናት። ድሮ ትዘፍን ነበር። ኋላ አባወራዬ ዋሽንቱን ቀረጸባት። ድምፁም አለባት። እሱ ካረፈ ይኸው አራት ዓመቱ። እሷም ከዚያ ወዲህ ዝም አለች።»

ትንሽ ቆዩና ቀጠሉ።

«የልጅ ልጄ አያቷን አታውቅም። እሱ ሲሞት ገና በእናቷ ሆድ ነበረች። እኔም ብሆን ፊቱን አልረሳሁም። ድምፁ ግን እየራቀኝ ሄደ።»

እኛም ወጣቶች አይደለን? «ምን ችግር አለ እማማ! ነገ ይሰሙታል» አልናቸው። ይህ የመጀመሪያው ስሕተታችን ነበር። ነገ አልሆነም። ነገሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሊበላሽም ምንም አልቀረውም ነበር።

በማግስቱ ማጫወቻዋን አገላብጠን አየናት። ብንጫናትም አትበራም። ባትሪዋ እንደ ባትሪ ድንጋይ ወጥቶ የሚቀየር አይደለም። ከውስጥ የታሸገ ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ ሳይሠራ ለብዙ ጊዜ ሲቀመጥ ኃይሉ ቀስ በቀስ ያልቃል። ዓመታት ሲቆይ ደግሞ ይሞታል። ስለዚህ መጀመሪያ ኃይል ልንሰጣት አሰብን። የስልካችንን ቻርጀር አመጣን። አልገባም። የጎረቤት ቻርጀር አመጣን። እሱም አልገባም። የሰፈሩ ቻርጀር ሁሉ ተሞከረ። አንዱም አልገባም።

እማማ ቆመው ያዩ ነበር። «ማረሻው ለእርፉ ጠበበው ማለት ነው?» አሉ።

አዎ፣ ነገሩ እንደዚያው ነው። ግን ለምን ጠበበው? ዕቃዋ አልተለወጠች። ዓለም ነው የተለወጠው። እስኪ ከመነሻው እንንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን። የእኛንም ከጎን እናስቀምጣለን።

በ1979 (በእኛ በ1971 ዓ.ም.) ሶኒ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ዎክማን የተባለ ማጫወቻ ለገበያ አወጣ። ዎክማን በካሴት ይሠራል። ሰው በወገቡ አንጠልጥሎት፣ በጆሮው ማዳመጫ አድርጎ እየሄደ ይሰማል። የወጣበት ቀን በእኛ ሰኔ 24 ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን፣ በአገራችን ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም። ቀኑን ለማስታወስ ግን ይረዳል።

ካሴት ከኮምፒውተር ጋር ጉዳይ የለውም። ክሩ ሲዝረከረክ በእስክሪብቶ ይጠቀለላል። ከአንዱ ቴፕ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል። የአሥር ዓመት ካሴት በአዲስ ቴፕ ይዘፍናል።

ኋላ ሌላ ዘዴ መጣ። በጀርመን አገር ፍራውንሆፈር በሚባል የምርምር ተቋም ያሉ ሊቃውንት ድምፅን አጣጥፎ ማስቀመጥን ከሠሩት መካከል ናቸው። ዘዴው እንዲህ ነው። የሰው ጆሮ ሁሉንም ድምፅ ለይቶ አይሰማም። ታላቅ ከበሮ ሲመታ በአጠገቡ ያለች ትንሽ ድምፅ ትዋጣለች። ታዲያ ጆሮ የማይለየውን ድምፅ ቢተውት ዘፈኑ ብዙ ቦታ አይፈጅም። ዐሥር ጭነት የነበረው አንድ ጭነት ያህል ይሆናል። የዚህ ዓይነቱ ፋይል በ1995 (በ1987 ዓ.ም.) ኤምፒስሪ የሚል ስም ወጣለት።

በ1998 ኤምፒማን የሚባል ትንሽ ማጫወቻ ከደቡብ ኮሪያ ወጣ። ካሴት የለው፣ ክር የለው፣ የሚሽከረከር ነገርም የለው። በ2001 ኦክቶበር ወር (በእኛ ጥቅምት 1994 ዓ.ም.) ደግሞ አፕል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ አይፖድን አወጣ። የመጀመሪያው አይፖድ 5 ጊጋ ባይት ይይዝ ነበር። ይህ ወደ 1,000 ዘፈን ማለት ነው። ሺህ ዘፈን በኪስ ተያዘ!

ነገር ግን እነዚህ ማጫወቻዎች እንደ ካሴት ራሳቸውን የቻሉ አይደሉም። ዘፈኑ የሚጫንባቸው ከኮምፒውተር ነው። ማጫወቻውና ኮምፒውተሩ በገመድ ይገናኛሉ። ገመዱ ደግሞ መሰኪያ አለው። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው አይፖድ ፋየርዋየር በሚባል መሰኪያ ይገናኝ ነበር። ዛሬ በሚሠሩት ኮምፒውተሮች ላይ ያ ቀዳዳ የለም። አይፖድ ራሱም በ2022 (በ2014 ዓ.ም.) መመረቱ ቆመ። ያን አሮጌ ዕቃ ይዘው የቀሩ ሰዎች አንዱን መሸጋገሪያ በሌላው ላይ እየቀጠሉ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙት ነበር። ልክ የተበጠሰ ጠፍር በጠፍር እንደሚቀጠል ነው።

ሌሎቹ ማጫወቻዎች ዩኤስቢ በሚባለው መሰኪያ ይሠሩ ነበር። እሱም ቢሆን አንድ ዓይነት ሆኖ አልቀረም። መጀመሪያ ትልቁ መጣ። ቀጥሎ ሚኒ የሚባለው ትንሹ መጣ። ከዚያ ከሚኒ የሳሳው ማይክሮ መጣ። በ2014 (በ2006 ዓ.ም.) ደግሞ ታይፕ ሲ የሚባለው ወጣ። ይኸኛው በላይም በታችም ቢዞር ይገባል። ብዙዎቹ የዛሬ ስልኮች በእሱ ይሞላሉ።

የእማማ ማጫወቻ ቀዳዳዋ ሚኒ ነው። የሰፈሩ ቻርጀር ሁሉ ማይክሮ ወይም ታይፕ ሲ ነው። እንዴት ይግባ?

ቅዳሜ ገበያ ዋለ። እኛና እማማ ጭቃውን እየረገጥን ወደ ከተማ ወጣን። እማማ ሽንኩርታቸውን ሸጡ። እኛ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ገባን። ጠጋኙ ማጫወቻዋን አይቶ ሣቀ።

«ይቺ እኮ ጡረታ ወጥታለች!» አለ።

ሆኖም ደግ ሰው ነው። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ሳበልን። ካርቶኑ በአሮጌ ገመድ የተሞላ ነው። «ድሮ የፎቶ ካሜራዎች በዚህ ዓይነት ገመድ ይሠሩ ነበር። ፈልጉ» አለን። ፈለግን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ አገኘን። ሰካነው። ልክ ሆነ! የማጫወቻዋ ትንሽ መብራት ቦግ አለች። እማማ እልል ለማለት እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«ቆይ እማማ፣ ገና ነው» አልናቸው።

ገና ነበር። ኮምፒውተራችን አዲስ ነው። ታይፕ ሲ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ከጠጋኙ መሸጋገሪያ ገዝተን ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘን። ኮምፒውተሩ ግን ምንም አላየም። መብራቷ ትበራለች፤ ኮምፒውተሩ ዝም ይላል። ገመዱን ነቅለን ሰካን። ኮምፒውተሩን አጥፍተን አበራን። ያው ነው።

ያኔ ጠጋኙ ገመዱን ተቀብሎ አየው። «ይኸ ኃይል ብቻ የሚያመጣ ነው። ወሬ አያመላልስም» አለን።

ነገሩን እናስረዳችሁ። በእንዲህ ያለው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ኃይል ያመጣሉ። ሁለቱ ደግሞ ጽሑፉን፣ ዘፈኑን፣ ሥዕሉን ያመላልሳሉ። አንዳንድ ፋብሪካ ገመዱን ለማርከስ ሁለቱን ብቻ ያስገባል። እንዲህ ያለው ገመድ ዕቃውን ይሞላል እንጂ ከኮምፒውተር ጋር አያነጋግርም። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱ አይለዩም። እናንተም ስልካችሁን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ አልታይ ቢል ቶሎ ስልኩን አትውቀሱ። መጀመሪያ ገመዱን ለውጡ።

ካርቶኑን እንደገና በረበርን። ሁለተኛ ሚኒ ገመድ ተገኘ። ሰካነው። ኮምፒውተሩ «ጡጥ» አለ። አያት!

ወዲያው በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ማጫወቻዋን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለባት፤ ፎርማት ላድርጋት ወይ? ይላል። እኛ ደክሞናል። መሽቷል። ገበያው እየተበተነ ነው። «ያድርጋት» ብለን ተጫንን። ሁለተኛ መስኮት መጣ። እሱንም ጀምር ብለን ተጫንን። ሦስተኛ መስኮት መጣ። ጣታችን ሊጫን ተዘረጋ።

«ምን ይላል?» አሉ እማማ።

«ላስተካክላት ወይ ነው የሚለው፣ እማማ።»

«ይኸ ሁሉ ጽሑፍ ያን ብቻ ነው የሚለው?»

ዝም አልን።

«ልጆቼ፣ እኔ ሳላነብ በጣቴ ፈርሜ ያጣሁት ነገር አለ። እናንተም ማታ ማታ ቃል አትዝለሉ ትሉን የለም? እስኪ ሁሉንም አንብቡልኝ።»

አነበብንላቸው። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስነው። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፤ ማስጠንቀቂያ፣ ፎርማት ከተደረገ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ይጠፋል! እኛ የምናነብ ሰዎች ሳናነብ ልንጫነው ነበር። ጣታችንን ከኮምፒውተሩ አነሣን። እጃችን ተንቀጠቀጠ። እማማ ግን አልተቆጡንም።

«በሉ ተዉት። ዛሬ አይሁን። የሚያውቅ ሰው ጠይቁ» አሉን።

ዝናብ እየመታን ተመለስን። በመንገድ ላይ ብዙ አልተነጋገርንም።

በዚያው ማታ የኮምፒውተር ትምህርት ለሚማር አንድ ጓደኛችን ደወልን። ነገሩን ሁሉ ነገርነው። «እሰይ! እንኳን ሦስተኛውን አልተጫናችሁ» አለን። ከዚያም ነገሩን አስረዳን። እኛም ለእማማና ለተማሪዎቻችን በሚገባ መንገድ አስረዳናቸው። ለእናንተም እንዲሁ እናስረዳችሁ።

መጽሐፍ በፊቱ ማውጫ አለው። ማውጫው የትኛው ምዕራፍ በየትኛው ገጽ እንዳለ ይናገራል። ማጫወቻዋም እንደዚያው ናት። በውስጧ ዘፈኖች አሉ። ዘፈኖቹ የት የት እንዳሉ የሚናገር ማውጫም አላት። የማውጫው አሠራር ፋት ሠላሳ ሁለት ይባላል። እንግዲህ ማውጫው ቢቀደድስ? ምዕራፎቹ ጠፉ ማለት ነው? አይደለም። ገጾቹ በቦታቸው አሉ። አንባቢው ግን መፈለጊያ ያጣል። ኮምፒውተሩም ማውጫውን ማንበብ ሲያቅተው አዲስ ባዶ ማውጫ ልጻፍ ይላል። ፎርማት ማለት ይኸ ነው። ባዶ ማውጫ ከተጻፈ በኋላ አዲስ ነገር ሲጫን በአሮጌው ገጽ ላይ ይጻፋል። ያኔ የድሮው በእውነት ይጠፋል።

«ታዲያ ማውጫው ለምን ተቀደደ?» ብለው አንድ አባት ጠየቁ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በመጻፍ ላይ እያለ ባትሪው ድንገት ቢያልቅ ወይም ገመዱ ቢነቀል፣ ጽሑፉ ከመካከል ሊቋረጥና ማውጫው ሊበላሽ ይችላል። የእማማም ማጫወቻ ይኸው ደርሶባት ይሆናል።

ጓደኛችን ሦስት ነገር አዘዘን። አንደኛ፣ በማጫወቻዋ ላይ ምንም አትጻፉ አለን። ሁለተኛ፣ ያለችውን ሁሉ፣ ከነተበላሸው ማውጫ፣ እንዳለች ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡ አለን። ሦስተኛ፣ ጥገናውን በግልባጩ ላይ ሞክሩ፤ ግልባጩ ቢበላሽ ሌላ ግልባጭ ይወጣል፤ ዋናው ቢበላሽ ግን ምትክ የለውም አለን። የጥገናውን ፕሮግራም ስምም ነገረን። ቴስትዲስክ ይባላል። በነጻ የሚገኝ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ጠጋኙ ተመለስን። እማማም ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቷን አዝለዋታል። እኛ መጀመሪያ ሁሉንም ገለበጥን። ማጫወቻዋ 4 ጊጋ ባይት ትይዛለች። ግልበጣው ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ። በመካከሉ የከተማው መብራት ጠፋ። ኮምፒውተራችን ግን ባትሪው ሙሉ ስለነበር አልተቋረጠም። ማጫወቻዋም ኃይሏን የምታገኘው በገመዱ ከኮምፒውተሩ ነው።

ከዚያ ፕሮግራሙን በግልባጩ ላይ አስነሣን። ፕሮግራሙ የማውጫው የመጀመሪያ ገጽ መበላሸቱን አሳየን። ነገር ግን ፋት ሠላሳ ሁለትን የሠሩት ሰዎች አርቀው አስበዋል። የዚያ የመጀመሪያ ገጽ ቅጂ ጥቂት ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ አድርገዋል። ቅጂው ደኅና ነበር። ፕሮግራሙ «ቅጂውን በተበላሸው ቦታ ልተካው ወይ?» አለ። አሁን ግን ቶሎ አልተጫንንም። ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለን አነበብን። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተጫንን።

ማውጫው ተከፈተ። የዘፈኖች ዝርዝር መጣ። ከዘፈኖቹ በታች ለብቻው የተቀመጠ ክፍል ነበረ። በዚያ ውስጥ ሰባት ቅጂዎች አሉ። ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው።

አንደኛውን ከፈትን። ጩኸት ብቻ ነው። ሁለተኛውን ከፈትን። ዋሽንት መጣ።

ጠጋኙ በእጁ የያዘውን አስቀመጠ። ደጅ የቆሙ ሰዎችም ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ዋሽንቱ እየቆየ ይመጣል። መካከል ላይ ሟቹ አባት ትንፋሽ ሲወስዱ ይሰማል። ራቅ ብሎ ውሻ ይጮኻል። ከዚያ ዋሽንቱ ቆመና ሳል ተሰማ። ቀጥሎም፣ «ይኸ ነገር ይሰማል እንዴ?» የሚል የሰው ድምፅ መጣ። ሣቅም ተከተለ።

እማማ አላለቀሱም። እኛ ያለቅሳሉ ብለን ነበር። አንገታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ዘንበል አድርገው፣ «ሳሉን ሰማችሁት? ያን ጊዜ ገና ሲጀምረው ነው። ውሻውም የእኛው ነው፤ ሞቷል» አሉ። ከዚያም ያዘሏትን ልጅ አውርደው ፊት ለፊት አቆሟት።

«ይኸ አያትሽ ነው» አሏት።

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ከኋላው ዞራ አየች። ሰው የተደበቀ መስሏት ነው። ያኔ ሁሉም ሣቀ። እማማም ሣቁ። ሲሥቁ ግን ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ወሰዱ።

ከሰባቱ ቅጂዎች ስድስቱ ተከፈቱ። ሰባተኛው አልተከፈተም። ብዙ ሞከርን። አልሆነም። እማማ፣ «እሱ ምን ይሆን የነበረው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። እስከ ዛሬም የለንም። ያልተከፈተውንም ቢሆን አልጣልነውም። ከሌሎቹ ጋር አስቀምጠነዋል።

ከዚያ በኋላ ስድስቱን በሦስት ቦታ አኖርናቸው። አንደኛው ግልባጭ በእኛ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሁለተኛውን ዐረብ አገር ላለው ልጃቸው በስልክ ላክንለት። ሦስተኛው በጥፍር በምታህል ሜሞሪ ካርድ ላይ ሆኖ በእማማ ስልክ ውስጥ ገባ። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ናት። ኤምፒስሪ ግን ታጫውታለች። ስለዚህ ቅጂዎቹን ወደ ኤምፒስሪ ለወጥናቸው።

ለቅጂዎቹ ስም መስጠት ያስፈልጋል። በቁጥር ብቻ ከቀሩ ነገ ማን ያውቃቸዋል? ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የዓለም ፊደላት ሰነድ፣ ማለት በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። እኛ ልንጽፍ ስንል እማማ፣ «ቆዩ፣ እኔ ልጻፍ» አሉ። በአንድ ጣታቸው እያንዳንዱን ፊደል ከቁልፎቹ መካከል ፈለጉ። «የአባወራዬ ዋሽንት» ብለው ጻፉ። ሦስት ጊዜ ተሳሳቱ፤ ሦስት ጊዜ አረሙ። ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ማንም አላጣደፋቸውም።

የእማማ ትንሿ ስልክ ግን ያን ስም ማሳየት አልቻለችም። በፊደሉ ቦታ ትንንሽ ሣጥን ትደረድራለች። እማማ ይህን ሲያዩ ወረቀት ጠየቁ። ያንኑ ስም በእርሳስ ጽፈው በስልኳ ጀርባ ለጠፉት። «እሷ ባታነብ እኔ አነባለሁ» አሉ።

ማጫወቻዋስ? እሷንም ኋላ ጠገንናት። ዛሬ ትሠራለች። ባትሪዋ ስለሞተ ግን በገመድ ካልተያዘች አትዘፍንም። ጠጋኙ «ለመለዋወጫ ስጡኝ» ቢላቸው እማማ እምቢ አሉ። በሁለቱ ጨርቅ ጠቅልለው በመቀነታቸው መለሷት።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ይኖር ይሆናል። አሮጌ ስልክ፣ አሮጌ ማጫወቻ፣ የሠርግ ዘፈን የተቀረጸበት ካርድ፣ የአባት ምርቃት ያለበት ካሴት ይኖራል። እንግዲህ ከእኛ ድካም ይህን ያዙ።

አንደኛ፣ ዕቃው ዝም ስላለ ሞቷል አትበሉ። መጀመሪያ ኃይሉን፣ ቀጥሎ ገመዱን እዩ። ገመዱ ኃይል ብቻ የሚያመጣ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ባትሪው አብጦ ካገኛችሁት አትሙሉት። አትውጉት። ወደ እሳትም አትጣሉት። ሊፈነዳ ይችላል። ለሚያውቅ ጠጋኝ ስጡት።

ሦስተኛ፣ ኮምፒውተር ወይም ስልክ «ፎርማት ላድርግ ወይ?» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። የሚያነብላችሁን ሰው ጥሩ። ሁሉንም ያንብብላችሁ። «እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ ቢያሳጥርባችሁ አትቀበሉት። እኛም አሳጥረን ነበርና።

አራተኛ፣ ሳትነኩት ገልብጡት። የምትወዱትን ድምፅ በአንድ ቦታ ብቻ አታኑሩ። ዘርን በአንድ ጎተራ ብቻ የሚያኖር ገበሬ ነቀዝ ሲገባ ያለ ዘር ይቀራል።

አምስተኛ፣ ስም ስጡት። ማን እንደተናገረ፣ የት እንደተናገረ፣ በምን ዓመት እንደሆነ በእጃችሁ ጻፉ። ዛሬ እናንተ ታውቁታላችሁ። የልጅ ልጆቻችሁ ግን የሚያውቁት ከጽሑፉ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ትምህርት ስንጀምር እማማ ዘግየት ብለው መጡ። ልጅቷን ለማስተኛት ቆይተው ነው። «ያለ አያቷ ዋሽንት እንቅልፍ አይወስዳትም አሁን» አሉን። ከዚያ ደብተራቸውን ከፈቱ። ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አኖሩ። ንባቡንም ካቆሙበት ቃል ቀጠሉ።

እናንተስ ቤት የማን ድምፅ ተቀምጧል? እስኪ ዛሬ ማታ ፈልጉት።